የዚህ ወር ጥያቄና መልስ፦ ጌኮዋ ምን ሆነች?

ሰላም ናችሁ! ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር «ጌኮ ያላችሁ ጻፉልኝ» ብዬ ነበር፣ እኔማ ቢበዛ ሁለት ሦስት ሰው ይጽፍ ይሆናል ብዬ ነው፣ ኧረ ጉድ፣ የዚህ ወር ጥያቄ ከግማሽ በላይ ስለሷ ሆነና አረፈው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ ጨፍልቄያቸዋለሁ፣ ስም አላወጣሁም፣ በጻፋችሁልኝ ቅጽል ስም ነው የምጠራችሁ።

ለማታውቁት ብቻ፣ ጌኮ የእንሽላሊት ዓይነት ናት። ቤት ውስጥ በብዛት የሚያረቧት ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዷ ሌፓርድ ጌኮ ናት፣ ቢጫ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት፣ ወፍራም ጅራት ያላት፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ። ሌላዋ ክረስትድ ጌኮ ናት፣ ቅጠልና መስታወት ላይ ተለጥፋ የምታድር። የሁለቱ አያያዝ አይገናኝም፣ ግማሾቻችሁ ደሞ የትኛዋ እንደሆነች ሳትነግሩኝ ነው «ታመመችብኝ» ያላችሁት፣ እባካችሁ ቀጣይ ስትጽፉ ከዛ ጀምሩ።

«ዘጠኝ ቀን ሆናት፣ ምንም አትበላም»

ሌፓርድ ጌኮ አለችኝ፣ ሁለት ዓመት ገደማ ይሆናታል። ድሮ ፌንጣ ስጥልላት ገና ሳያርፍ ነበር የምትቀልበው፣ አሁን ግን ታየዋለች፣ ታየዋለች፣ ከዛ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች። ሳጥኗ ላይ አምፖል አለ፣ ይሞቃል። ጅራቷ እንደወፈረ ነው። አንድ ጓደኛዬ አፏን ከፍተህ በግድ አጉርሳት አለኝ፣ ላጉርሳት ወይ? (ጭንቀታሙ)

ወንድሜ፣ አፏን እንዳትነካ! በግድ ማጉረስ የሐኪም ሥራ ነው፣ መንጋጋዋ ስስ ነው፣ ትንሽ ከጫንከው ይጎዳል፣ ምግቡ ደሞ ወደ ሳንባ ከገባ አለቀላት። ያንተን ደብዳቤ አስቸኳይ ስለመሰለኝ ለብቻህ መልሼልህ ነበር ግን ብዙ ሰው የጠየቀው ስለሆነ እዚህም ልድገመው።

ከጻፍከው ሁሉ እኔን የያዘኝ አንድ ቃል ናት፣ «ይሞቃል» ያልካት። ስንት ነው የሚሞቀው? በእጅህ ነክተህ ነው ወይስ ለክተህ ነው? እንደኛ ከውስጧ ሙቀት የምታመነጭ እንስሳ አይደለችም፣ ከውጭ ነው የምትወስደው፣ በተለይ ሆዷን ሞቅ ያለ ነገር ላይ አስተኝታ ነው የበላችውን የምትፈጨው። ወለሉ ከቀዘቀዘ የዋጠችው ፌንጣ ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ ይበሰብሳል፣ ይሄንን ሰውነቷ ስለሚያውቅ ነው ቀድማ አልበላም የምትለው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ያልበላች ጌኮ የታመመች ጌኮ አይደለችም፣ የበረዳት ጌኮ ናት። ሳጥኑን ሳትመረምር ወደሷ አትሂድ።

የሚፈለገው ይሄ ነው፦ በሞቃቱ በኩል ወለሉ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ በቀዝቃዛው በኩል ከ24 እስከ 26፣ ማታ 20 እና 22 ድረስ ቢወርድ ችግር የለውም። ሁለቱም በኩል መደበቂያ ይኑር፣ ምክንያቱም መደበቂያው ቀዝቃዛው ጋ ብቻ ከሆነ ከብርድና ከፍርሃት ልትመርጥ ነው ማለት ነው፣ ሁሌም ብርዱን ነው የምትመርጠው። ልኬቱ ላይ ደሞ ተጠንቀቅ፣ እኔ የመጀመሪያዋን ጌኮ ስገዛ ሻጩ መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ ክብ ቴርሞሜትር አብሮ ሰጠኝ፣ 32 ይላል፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ፣ ልጅቷ ግን ወሩን ሙሉ እየከሳች ሄደች። በኋላ ገመድ ያለው ዲጂታል ገዝቼ ጫፉን እሷ የምትተኛበት ወለል ላይ ባስቀምጠው 25! የለጠፍኩት ነገር ሲለካ የነበረው አምፖሉ አጠገብ ያለውን አየር ነው፣ ጌኮዋ ደሞ አየር ላይ አትተኛም። በሷ አልሳቅኩም፣ በራሴ ነው የሳቅኩት።

በሂት ማት (ከሥር በሚነጠፍ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ) የምታሞቁ ካላችሁ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ዕቃ፣ ሳትገጥሙ አትሰኩት። ማቱ ብቻውን ከ40 ዲግሪ በላይ ሊወጣ ይችላል፣ እሷ ደሞ ሆዷ እየተቃጠለ እንኳን ቶሎ አትነሳም። ሌሊት ሌሊት ቀይ አምፖል የምታበሩም አላችሁ፣ «ቀይ አይታያትም» ተብላችሁ። ይታያታል። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት ሄልሜት ጌኮ የተባለችው የሌሊት ጌኮ ሰው ቀለም መለየት በማይችልበት ደብዛዛ የጨረቃ ብርሃን ቀለም እንደምትለይ ታይቷል። ሌሊት ጨለማ ይሁንላት በቃ።

አሁን ወደ ጅራቷ። የሌፓርድ ጌኮ ጅራት ጎተራ ማለት ነው፣ ስቡን እዛ ነው የምታከማቸው፣ ጅራቷ የወፈረ አዋቂ ጌኮ ሁለት ሦስት ሳምንት ባትበላ አትሞትም። ወንድ ከሆነ በመራቢያ ወቅት ምግብ ይረሳል፣ ሴት ከሆነች እንቁላል ስትይዝ ትተዋለች፣ ቆዳዋን ልትቀይር ስትል ትተዋለች፣ ቤት ስትቀይርባት ትተዋለች፣ ወቅቱ ሲበርድም ትተዋለች። ስለዚህ ቀን አትቁጠር፣ ሚዛን ግዛ። ግራም የሚያሳይ የኩሽና ሚዛን (ለሷ ብቻ የሚሆን!)፣ ላዩ ላይ ክዳን ያለው ቀለል ያለ ዕቃ ታስቀምጣለህ፣ ዜሮ ታረገዋለህ፣ እሷን ታስገባታለህ፣ በሳምንት አንዴ ቁጥሩን ደብተር ላይ ትጽፋለህ። 60 ግራም የነበረችው 59 ብትሆን ተኛ፣ 54 ከደረሰች ግን ሐኪም ጋ ውሰዳት፣ ከአሥር አንዱን እጅ አጥታለች ማለት ነው። ሚዛን ሳይጠበቅ ወዲያው የሚያስሮጥም አለ፣ የበላችውን የምታስመልስ ከሆነ፣ ኩሷ ውሃ ሆኖ የሚከረፋ ከሆነ፣ ጅራቷ በአጭር ጊዜ እንደ እንጨት ከቀጠነ። ይሄ ክሪፕቶ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ሊሆን ይችላል፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይተላለፋል፣ በተራ ማጽጃም አይሞትም። አዲስ ጌኮ ስታመጡ ቢያንስ ለሁለት ወር ለብቻዋ፣ በራሷ ዕቃ፣ በራሷ ወረንጦ ያዙ የምለውም ለዚህ ነው። ጫጩት ከሆነች ደሞ ይሄ ሁሉ ትዕግስት አይሠራም፣ ጅራቷ ገና ባዶ ነው፣ አንድ ሳምንት ካልበላች ውሰዷት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ያልተበላ ፌንጣ ሳጥኑ ውስጥ አታሳድሩ። ሌሊት እሱ ነው እሷን የሚበላት፣ የዓይኗን ዙሪያና ጣቷን ይቆረጥማል። አሥራ አምስት ደቂቃ ስጧት፣ የተረፈውን አውጡ።

«ሁለት ጣቷ ጠቁሮ አንዱ ወደቀ»

ቆዳዋን ከቀየረች በኋላ ጣቶቿ ጫፍ ላይ ነጭ ነገር ቀርቶ ነበር፣ ይወድቃል ብዬ ተውኩት። አሁን ሁለቱ ጠቁረው አንዱ ወደቀ። ቀሪውን በወረንጦ ልሳበው? (የጣቷ ነገር)

እህቴ ወረንጦውን አስቀምጪው፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ያ ነጭ ነገር የቀረ አሮጌ ቆዳ ነው፣ ሲደርቅ ይጠብቃል፣ ጣት ላይ ክር ጠምጥመሽ እንደማጥበቅ ነው፣ ደም መሄድ ያቆማል፣ ጣቱ ይጠቁራል፣ ከዛ ይወድቃል። የወደቀው አይበቅልም፣ ግን ሦስት አራት ጣት አጥተው ደህና የሚኖሩ ሞልተዋል ስለዚህ አትጨነቂ፣ የቀሩትን እናድን።

ዝቅ ያለ ክዳን ያለው ዕቃ ፈልጊ፣ ክዳኑን ብሺው፣ ታች ሶፍት አንጥፊ፣ ለብ ያለ ውሃ አርጊበት፣ 28 ወይ 30 ዲግሪ ብቻ፣ ከቁርጭምጭሚቷ እንዳያልፍ። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ አቆያት፣ አጠገቧ ሁኚ። ከዛ የጆሮ ጥጥ አርጥበሽ ከጣቷ ሥር ወደ ጫፉ እያንከባለልሽ አውጪው፣ ካልወጣ ነገ ድገሚው፣ በአንድ ቀን ልጨርሰው አትበይ። ሲወጣ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፣ የጓንት ጣት የምታህል ስስ ቀለበት ናት፣ ብርሃን ላይ ስታያት ሚዛን ሚዛን ቅርጿ ይታያል፣ ከሥሯ የሚወጣው ጣት ደሞ ሮዝ ነው። ሮዝ ካየሽ ተርፏል። ካበጠ፣ ቀይ ሆኖ ፈሳሽ ከያዘ ግን ሐኪም። ዓይኗ ላይ የቀረ ከሆነም ሐኪም፣ ዓይን በቤት አይነካም።

ይሄ የሚመጣው ሳጥኑ ስለደረቀ ነው። ሌፓርድ ጌኮ ደረቅ አካባቢ ነው የምትወደው፣ ከ30 እስከ 40 ፐርሰንት እርጥበት ይበቃታል፣ ግን በተፈጥሮዋ ቀን ቀን ድንጋይ ሥር የምትገባበት ጉድጓድ ውስጡ እርጥብ ነው፣ እኛ ደሞ ያቺን ጉድጓድ እንረሳባታለን። ፕላስቲክ ዕቃ ወስደሽ መግቢያ ቁረጪለት፣ ጠርዙን በእሳት ወይ በአሸዋ ወረቀት አለስልሺው፣ ውስጡ እርጥብ ሶፍት፣ ሞቃቱ በኩል አስቀምጪው፣ ሶፍቱን በየሁለት ሦስት ቀኑ ቀይሪው ሻጋታ እንዳያወጣ። ቆዳዋ አመድ ሲመስል ራሷ ትገባበታለች። አዋቂ በወር አንዴ ገደማ ትቀይራለች፣ ጫጩት በየሁለት ሳምንቱ፣ ደሞ የወለቀውን ቆዳ ትበላዋለች፣ ሳጥኑ ውስጥ ቆዳ ፈልጌ አጣሁ ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ሁለት ሰዎች፣ ሆዷ ውስጥ ነው ያለው።

«እግሯ ተጣመመ፣ ስትሄድ ትንቀጠቀጣለች»

ስምንት ወሯ ነው። በደንብ ትበላለች፣ ሚልዋርም (የጥንዚዛ እጭ) ብቻ ነው የምሰጣት ሌላ አትወድም። ፀሐይ እንድታገኝ ብዬ ሳጥኗን መስኮት አጠገብ ነው ያረኩት። የፊት እግሮቿ ወደ ውጭ ተጣመሙ፣ መንጋጋዋም ለስለስ ያለ መሰለኝ። (የስምንት ወሯ አባት)

ይሄኛውን ሳነብ ሆዴ ባባ። ወንድሜ ይሄ ለነገ የሚባል አይደለም፣ ዛሬውኑ እንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዳት፣ ከተቻለ ተሳቢ እንስሳት የሚያይ ሐኪም ጋ። የካልሲየም እጥረት የሚያመጣው የአጥንት በሽታ ነው የሚመስለው፣ የለሰለሰ መንጋጋ፣ የተጣመመ እግር፣ መንቀጥቀጥ፣ ሁሉም እዛው ነው የሚያመለክተው። ሐኪሙ ራጅ ያነሳታል፣ ፈሳሽ ካልሲየም ይሰጥሃል፣ ካስፈለገ በመርፌም። እስከዛ ድረስ መውጫ መውረጃ የሌለው ሜዳ የሆነ ሳጥን ውስጥ አርጋት፣ በሁለት እጅህ ከሥሯ ደግፈህ ካልሆነ አታንሳት፣ አጥንቷ በትንሽ ነገር ይሰበራል። የተጣመመው ቀጥ ብሎ አይመለስም፣ አልዋሽህም፣ ግን አጥንቷ መልሶ ይጠነክራል፣ በጊዜ የደረሱ ብዙዎቹ በተጣመመ እግራቸው ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ።

እንዴት መጣ ካልከኝ፣ በደንብ እየበላች ነው የተራበችው። ነፍሳት ውስጥ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ በብዙ ይበልጣል፣ ሚልዋርም ደሞ ከነሱ የባሰ ነው። ደሟ ውስጥ ካልሲየም ሲጎድል ሰውነቷ ከየትም አምጥቶ መሙላት አለበት፣ ከየት ያመጣል? ከአጥንቷ ቆርሶ ነዋ። እያንዳንዱ የሚበላ ነፍሳት ካልሲየም ዱቄት ውስጥ ተንከባሎ ነው መግባት ያለበት፣ ዕቃ ውስጥ ከቁንጥር ዱቄት ጋር ጨምረህ ወዝወዝ ስታረገው ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ በቃ እሱ ነው። ነፍሳቱ ራሳቸው ደሞ ከመሰጠታቸው በፊት አንድ ቀን ወይ ሁለት ቀን ካሮትና አረንጓዴ ቅጠል መብላት አለባቸው፣ የተራበ ፌንጣ ማለት እግር ያለው ባዶ ልጣጭ ነው።

ካልሲየሙ ደሞ ብቻውን አይገባም፣ ቫይታሚን ዲ3 ያስፈልገዋል። ይሄን ወይ ዩቪቢ የሚባለውን የፀሐይ ጨረር ከሚሰጥ መብራት ታገኛለች፣ ወይ ዲ3 ካለው ዱቄት። መብራት ካለ ለሌፓርድ ጌኮ ደካማው ዓይነት ነው የሚገዛው፣ የበረሃ የሚባለው ኃይለኛው አይሆናትም። መብራት ከሌለ ዲ3 ያለውን ዱቄት በሳምንት አንዴ ሁለቴ፣ በሌላው ቀን ንጹሕ ካልሲየሙን። ዲ3 ሲበዛ ደሞ ይመርዛል፣ ስለዚህ «ከበዛ ይሻላል» እዚህ ላይ አይሠራም፣ የዱቄቱን ማሸጊያ አንብቡት።

መስኮቱን በተመለከተ፣ ልብህ መልካም ነው ግን መስታወት ዩቪቢን አያሳልፍም፣ ከመስኮት የሚገባው ፀሐይ ሙቀትና ብርሃን ብቻ ነው። የባሰው ደሞ የመስታወት ሳጥን ፀሐይ ሲመታው ምድጃ ይሆናል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ትበስላለች። ዛሬውኑ ከዛ አንሳው።

«የልጅ ልጄ ትነካዋለች፣ መርዝ አለው?»

ልጄ ይሄን እንስሳ ቤት አምጥቶ እኔ በፍርሃት ልሞት ነው። የልጅ ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ይዛው ትስመዋለች። መርዝ አለው ይባላል፣ እውነት ነው? ልጄን ብነግረው ይስቅብኛል። (አያት ነኝ)

እማማ፣ ልጅዎ አይሳቅ፣ ጥያቄዎ የሁላችንም ነው። መርዝ የለውም፣ መርዝ ያለው ጌኮ በዓለም ላይ የለም። ቢነክስም ቆንጠጥ ያረጋል እንጂ የሚያመጣው ነገር የለም። ግን እርስዎ ከመርዙ በላይ ትክክል የሆኑበት ነገር አለ፣ መሳሟ። ጤነኛ የሚመስል ጌኮ ራሱ አንጀቱ ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል፣ በኩሱ ይወጣል፣ ቆዳው ላይ፣ ሳጥኑ ላይ፣ ውሃው ላይ ይቀመጣል። ትልቅ ሰው ላይ ሆድ ያማል ያልፋል፣ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ላይ ግን ሊከብድ ይችላል፣ እንደ እርስዎ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ላይም፣ ነፍሰ ጡሮችም ላይ። ስለዚህ ሕፃኗ በመስታወት ትይ፣ አትያዝ። ሌላው የነካ ሰው ወዲያው በሳሙና ይታጠብ፣ ሳጥኑና ዕቃው ሰሐን በሚታጠብበት ቦታ አይታጠብ፣ ኩሽና ውስጥም አይለቀቅ። ይሄን መልስ ቆርጠው ለልጅዎ ያሳዩት፣ እኔ ነኝ ያልኩት ይበሉት።

«ጅራቷ እጄ ላይ ቀረ!!!»

ልይዛት ስል አመለጠችኝ ጅራቷን ያዝኩ፣ ጅራቱ እጄ ላይ እየተንፈራገጠ እሷ ሮጠች። ጮህኩ። ገደልኳት ወይ? (እጄ ይቆረጥ)

እጅሽ አይቆረጥ፣ የሷም ጅራት ይበቅላል። ይሄ ማምለጫዋ ነው፣ ጅራቷ ላይ ቀድሞ የተዘጋጀ መበጠሻ አለ፣ ስትደነግጥ ጡንቻዋ ይጨመደዳል፣ ይበጠሳል፣ የደም ሥሩም አብሮ ይዘጋል፣ ለዛ ነው ብዙ ደም ያላየሽው። የተበጠሰው ለደቂቃዎች የሚንፈራገጠው አሳዳጇ እሱን እያየ እሷ እንድታመልጥ ነው፣ አንቺም እኮ እሱን ስታዪ ነው ያመለጠችሽ። አሁን ሳጥኑ ውስጥ ያለውን አፈር ወይ አሸዋ አውጪና ነጭ ሶፍት አንጥፊ፣ በየቀኑ ቀይሪው፣ ቅባት ምናምን አትቀቢ፣ ጎተራዋን ስላጣች በደንብ አብያት። በሁለት ሦስት ወር አዲስ ይወጣል፣ አጠር ብሎ፣ ድብልብል ብሎ፣ ነጠብጣቡም ሌላ ሆኖ፣ ውስጡም አጥንት ሳይሆን ለስላሳ ቅርጭጭት ነው። የኔዋ እንደዛ ከሆነች በኋላ ከኋላ ስትታይ ሁለት ጭንቅላት ያላት ነው የምትመስለው። ክረስትድ ጌኮ ከሆነች ግን አይበቅልም፣ ያለ ጅራት ነው የምትኖረው፣ ምንም አትሆንም። ለቀጣዩ ጊዜ ከላይ አትምጪባት፣ ከላይ የሚመጣ እጅ ለሷ አሞራ ነው፣ መዳፍሽን ከፊቷ ዘርግተሽ ራሷ እስክትወጣበት ጠብቂ።

«ዓይኗን ትልሳለች፣ ሙቀት ጨመርኩላት ደከመች»

ክረስትድ ጌኮ ናት። ዓይኗን አትከድንም፣ በምላሷ ትልሰዋለች፣ በርዷት ይሆናል ብዬ 32 አረኩት፣ አሁን ከታች ተኝታ አፏን ከፍታለች። (ግራ ገባኝ)

ሙቀቱን አጥፋው፣ አሁን፣ ከዛ ተመለስና ቀሪውን አንብብ። አጠፋኸው? እሺ። 32 ለሌፓርድ ጌኮ ነው፣ ክረስትድ ከ22 እስከ 26 ነው የምትፈልገው፣ ከ28 በላይ ያማታል፣ በዛው ከቆየች ይገድላታል። አፏን መክፈቷ ሙቀት በዝቶባት ነው፣ ቀዝቀዝ ወዳለ ክፍል ውሰዳት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ግን አትድፋባት፣ ካልነቃች ሐኪም። ዓይኗን የምትልሰው የዓይን ቆብ ስለሌላት ነው፣ ምላሷ መጥረጊያዋ ነው፣ ጤነኛ ናት። የሚገርመው እቺ እንስሳ ጠፍታለች ተብላ እ.ኤ.አ. በ1994 ነው ትውልድ አገሯ ኒው ካሌዶኒያ ውስጥ እንደገና የተገኘችው፣ ዛሬ ደሞ ይኸው የሰው ሳሎን ውስጥ ዓይኗን ትልሳለች። ምግቧ በውሃ የሚበጠበጥ የክረስትድ ዱቄት ነው፣ ፌንጣው በሳምንት አንዴ ለጣዕም ነው። ማታ ማታ ቅጠሉን ውሃ እርጭላት ጠብታውን ትልሳለች፣ ቀን ቀን ይድረቅ።

«ብቻዋን ስለሆነች ጓደኛ ላምጣላት?»

አሥራ አንድ ሰው ነው ይሄን የጠየቀኝ። አታምጡ። ጌኮ አይከፋትም፣ ብቸኝነት የኛ ነው። ሁለት ወንድ አንድ ሳጥን ውስጥ ከተገናኙ ደም ይፈሳል፣ ወንድና ሴት ከሆኑ ሌት ተቀን ያሳድዳታል፣ በየጊዜው ሁለት ሁለት እንቁላል እየጣለች ካልሲየሟ ያልቃል። ሁለት ሴቶች ተቃቅፈው ተኝተዋል ብላችሁ ፎቶ የላካችሁልኝ ደሞ ልብ ብላችሁ እዩት፣ ሁለቱም የሚፈልጉት አንዱን ሞቃት ቦታ ነው፣ ላይ ያለችው ናት ያሸነፈችው። ሴት ብለው ከሸጡላችሁም አትመኑ፣ ከጅራቷ ሥር ሁለት እብጠትና ከበላዩ የቪ ቅርጽ የሠራ የነጠብጣብ መስመር ጎልቶ ከታየ ወንድ ነው። ለነገሩ የሌፓርድ ጌኮ ፆታ የሚወሰነው እንቁላሉ በተቀመጠበት ሙቀት ነው፣ 26 እና 27 ዲግሪ ላይ አብዛኞቹ ሴት፣ 32 አካባቢ አብዛኞቹ ወንድ፣ ከ34 ሲያልፍ ደሞ መልሶ ሴት ይበዛል።

አጫጭሮቹን ቶሎ ቶሎ

አሸዋ ላይ ላስቀምጣት? ለጫጩትና ለታመመች አይሆንም፣ ፌንጣ ስትይዝ አብራ ትውጠዋለች አንጀቷን ይዘጋል። ሶፍት አያምርም ግን ኩሷ በደንብ ይታይበታል፣ ኩሷን ማየት ደሞ ግማሽ ሕክምና ነው።

ከግቢ የያዝኩትን ነፍሳት ልስጣት? አይሆንም፣ የተረጨበት መድኃኒት ይኑር አይኑር በምን ታውቃለህ? ጥገኛ ትልም ይዞ ይመጣል። ሌሊት የሚያበራውን ነፍሳትማ ጭራሽ፣ እሱ ለተሳቢ እንስሳት መርዝ ነው፣ አንዱ ብቻ ሊገድል ይችላል።

ፍራፍሬ? ለሌፓርድ በፍጹም፣ ነፍሳት ብቻ ነው የምትበላው። የነፍሳቱ ትልቀት በሁለቱ ዓይኖቿ መሃል ካለው ቦታ አይብለጥ። ጫጩት በየቀኑ፣ አዋቂ በሳምንት ሁለቴ ወይ ሦስቴ።

ስንት ዓመት ትኖራለች? በደንብ ከተያዘች ከ15 እስከ 20። ለልጃችሁ ልደት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ማን ሊያበላት እንደሆነ ካሁኑ ተነጋገሩ።

ኧረ ረስቼው፣ ጭንቀታሙ ይሄን አምድ ጽፌ ሳልጨርስ መልሶ ጽፎልኛል። ወለሉን ለካው፣ 24 ነበር። ማት ከነቴርሞስታቱ ገጠመላት፣ ሦስት ቀን ሞቃቱ ላይ ሆዷን ለጥፋ ተኛች አለኝ። በአራተኛው ማታ ፌንጣ ጣለላት፣ አየችው፣ አንገቷን ቀስ ብላ ዝቅ አረገች፣ የጅራቷ ጫፍ መወዛወዝ ጀመረ (ሌፓርድ ጌኮ ያላችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ)፣ ከዛ ቀጭ! ሁለት በልታ ሦስተኛውን ትታ ገብታ ተኛች። 58 ግራም።